ባለቤት የሚጠብቁ ሃያ ሦስት ልብሶች

ሀይማኖት ከድሬዳዋ ጅግጅጋ የገባችው አርብ ጠዋት ነው፤ ባዶ ማዳበሪያዎች፣ አንድ ጥቅል ፌስታልና የሦስት ቀን ፈቃድ ይዛ። የአክስቷ የእትዬ ጥሩአየሁ አከራይ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ስለሆነ ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ይፈልገዋል። የሠላሳ አምስት ዓመት ኑሮ በሦስት ቀን ተጠቅልሎ እሷ ድሬዳዋ ወዳላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት መግባት ነበረበት።

ሀይማኖት ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተፈጠረች ሰው ናት። አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካርቶን ተንጋዶ ካየች ምሳዋ አይወርድላትም። ቀትር ሳይሆን ወጥ ቤቱን ጨርሳው ነበር። አክስቷ ድስቱንም ሳህኑንም ለጎረቤት ስጪው ሲሉ ቅር ያላቸው አይመስሉም። ቁም ሳጥኑ ጋ ሲደረስ ግን በሩን ተደግፈው ቆሙ።

ውስጡ ያሉት ልብሶች የእሳቸው አልነበሩም። እትዬ ጥሩአየሁ ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከደብረ ብርሃን የመጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። ባልየው በደርግ መውደቂያ ሰሞን እንደወጣ ቀረ። ዘመድ አዝማድ ተመለሺ እያለ ቢጨቀጭቃቸውም፣ እሳቸው አንዲት የስፌት መኪና ገዝተው ገበያው ዳር ቁጭ አሉ። ሱማሌኛውን ከደንበኛ ተማሩት። ሴቶቹ ለሰርግ የሚለብሱትን ሰፊና ስስ ዲሪያ መስፋት ሲጀምሩ ደግሞ ተፎካካሪ ጠፋ። ሴቶቹ ኤዶ ይሏቸው ነበር፣ አክስት ማለታቸው ነው። እትዬ ጥሩአየሁ ይህን ስም ከራሳቸው ስም አስበልጠው ይወዱት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከተማው ሲታመስ ሱቃቸው ከነስፌት መኪናው ነደደ። የተረፉት፣ ጣሪያው ያፈሳል ብለው በዋዜማው ወደ ቤት ያመጧቸው ሃያ ሦስት ተሰፍተው ያለቁ ልብሶች ብቻ ናቸው። ከባለቤቶቹ ገሚሱ ወደ መሃል አገር ሸሸ፣ ገሚሱ ወደ ዘመዶቹ ተበተነ፣ የሞተም አለ። እትዬ ጥሩአየሁ በሰባት ዓመት ውስጥ አንዱንም አልሸጡም፣ ለማንም አላዋሱም። የራሳቸውን ልብስ የሚያስቀምጡት ካርቶን ውስጥ ነበር።

“ይሄ አደራ ነው” አሏት ሀይማኖትን። “ለየባለቤቱ ሳላደርስ ከዚህ ቤት አልወጣም። ገላዋን ለክቼ የሰፋሁላትን ሴት ልብስ ጥዬ ከሄድኩ እኔ ምኔ ቀረ?”

ግትርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እትዬ ጥሩአየሁ ከዓመት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። ስልክ ላይ ሀይማኖትን በሟች እናቷ ስም ይጠሯታል፤ ሻይ ጥደው ጎረቤት ሄደው ይቀመጣሉ። ይህን ራሳቸውም ያውቁታል። የቸኮሉትም ለዚህ ነው፤ አእምሯቸው እንዳለ አደራቸውን መመለስ ፈለጉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው ኤብላ ዘንድ ሄዱ። ኤብላ ሰፈሩ ውስጥ ከገባች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ የድሮዎቹን ደንበኞች አይታቸው አታውቅም። ነገር ግን ስልኳን ይዛ ዘመድ በዘመድ ሰው በማፈላለግ የሚስተካከላት የለም። እትዬ ጥሩአየሁ ስም ሲጠሩ እሷ ስትደውል ግማሽ ቀን አለፈ።

ሀይማኖት ብቻዋን ስትቀር አላስቻላትም። ልብሶቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ አራገፈች፣ ተኮሰች። በእያንዳንዱ ልብስ አንገት ላይ ቁራጭ ክር ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ፣ አንዱ ላይ አምስት፣ አንዱ ላይ የተሰበረ የልብስ ቁልፍ። ስፌት ሲያልቅ ሳይቆረጥ የቀረ ትርፍ መሰላት። ሁሉንም በመቀስ ቆርጣ፣ ከሳጥኑ ስር ከተነጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ጋር ጓሮ ወስዳ አቃጠለችው። ከዚያ ልብሶቹን እያጠፈች በየቀለማቸው ደረደረቻቸው። ፎቶም አነሳቻቸው። እውነት ለመናገር ያምሩ ነበር።

አክስቷ ተመልሰው ሳጥኑን ሲከፍቱ ምርቃት ነበር የጠበቀችው። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ አንዱ ልብስ አንገት ሰደው ዳበሱ። ቀጣዩንም ዳበሱ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩዋት።

“ክሩስ?” አሉ።

ማቃጠሏን ስትነግራቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ነገሯት። ፊደል አልቆጠሩም፤ ስም የሚጻፍበት ደብተር ኖሯቸው አያውቅም። እያንዳንዷ ደንበኛ የራሷ ቋጠሮ አላት፤ አንዷ በልጆቿ ቁጥር፣ አንዷ በመጣችበት ቀን፣ አንዷ የልብስ ቁልፍ ነጋዴ ስለሆነች በቁልፍ። አሁን አሁን የሰው መልክ ሲጠፋባቸው፣ ክሩን በጣታቸው ሲይዙት ስሙ ይመጣላቸው ነበር። እንዳይጠፋባቸውም በየጠዋቱ ሳጥኑን ከፍተው ሃያ ሦስቱንም ይዳብሷቸው ነበር።

ሀይማኖት ሮጣ ወጥታ አመዱን በእጇ በተነችው፤ ምን ልታገኝ! ተመልሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠችና ልብሱን እያነሳች የማን እንደሆነ ትጠይቃቸው ጀመር። አራቱን አወቁ። አምስተኛውን አንዴ የአንዷ፣ አንዴ የሌላዋ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ያወቋቸውን አራቱንም ተጠራጠሩ። አንዴም አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ምንኛ በወደደች።

እሁድ ጠዋት ሳሚያ መጣች። ኤብላ ያገኘቻት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። እናቷ ማርዎ ከእትዬ ጥሩአየሁ ደንበኞች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ክረምት በኋላ ብዙም ሳትቆይ በወሊድ ሞተች። ሳሚያ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አይሻ ከተማ አያቷ አሳደጓት፤ ዘንድሮ ለትምህርት ጅግጅጋ ዘመዶቿ ጋ መጥታለች። ከእናቷ አንድ ፎቶ እንኳን የላትም። ልብሱ አረንጓዴ መሆኑን ከአያቷ ሰምታለች።

አረንጓዴዎቹ ሁለት ነበሩ። ሀይማኖት በየቀለሙ በደረደረችው ክምር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

“ኤዶ፣ የእናቴ የቱ ነው?” አለች ልጅቷ።

እትዬ ጥሩአየሁ ሁለቱንም አዩ። የልጅቷን ፊት አዩ። ሀይማኖት አላውቅም እንዲሉም እንዳይሉም ፈለገች።

“ይሄ ነው” አሉና አንዱን አንስተው ሰጧት። ማርዎ ጨርቁን ራሷ እንደመረጠችው፣ ስትለካ ትስቅ እንደነበር ጨመሩላት። ሳሚያ ልብሱን አቅፋ ፊቷን ቀበረችበት፤ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እጃቸውን ስማ፣ ልብሱን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ሄደች።

እትዬ ጥሩአየሁ የቀረውን አረንጓዴ አንስተው ዘረጉት። ጠርዙ መሬት ላይ ተጎተተ። ከታች፣ ከሌላው ጨርቅ ትንሽ ደመቅ ያለ ቅጣይ አለበት። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

“ማርዎ ረጅም ነበረች” አሉ። “ሱቄ ስትገባ ጎንበስ ትል ነበር። ጨርቁ አልበቃ ብሎኝ ከታች ቀጠልኩላት።”

ሀይማኖት ስልኳን አፈፍ አደረገች። ልጅቷ ገና ሩቅ አልሄደችም፤ ኤብላን አስደውላ አሁኑኑ ላስመልሳት አለች።

“ተዪ” አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። “የእናቴ ነው ብላ አልቅሳበታለች። የሌላ ሰው ነው ልትያት ነው? ደግሞስ፣ ነገ ይሄኛውም አይደለም ብልሽስ?”

ሀይማኖት ስልኳን አስቀመጠች። አክስቷ ረጅሙን ልብስ አጥፈው ከሌሎቹ ላይ ጫኑትና፣ ሁሉንም ለፈለገ ሰው ስጪው፣ ሰኞን ምን ያስጠብቀናል፣ ዛሬውኑ እንሂድ አሏት።