አንድሮሜዳ የተባለችው እህቴ

የፎርማሊን ሽታ በሄድኩበት ሁሉ አባቴን ያመጣብኛል። ነቀምቴ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ እባብ በፎርማሊን የተነከረበትን ብልቃጥ ታቅፎ እየመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ፓይቶን ይባላል፤ በግሪኮች ተረት ከተገደለው ዘንዶ የተወሰደ ስም ነው» ይለን ነበር። ፈረንጆች አውሬውንም ኮከቡንም በዚያው ተረት ሰይመው ጨርሰዋል፤ አባቴም ስሞቹን እንደ ዘመዶቹ ያውቃቸው ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ እህቴ ተወለደች። ከእሷ በፊት እናቴ ሁለት ልጆች ቀብራ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን በእኛ አገር ሞት እንዳያያት ለሕፃኗ የተናቀ ስም ይወጣላታል። አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ከዲጋ መጥታ፣ «ኮሲ በሏት» አለች፤ የጥራጊ ክምር ማለት ነው። አባቴ ግን ሳቀና ሁላችንንም ደጅ አውጥቶ፣ ከጣራችን በላይ የወጡትን ከዋክብት እያሳየ፣ «አንድሮሜዳ እላታለሁ። በተረቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት» አለ።

እናቴ፣ «ጃንሆይ ይህን ያውቃሉ?» ብላ ቀለደችበት። አዳዳ ግን አልሳቀችም።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ የንጉሡ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

አባቴ መዋሸት አይችልበትም፤ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ከቋጥኝ ጋር እንደታሰረች፣ ኋላም አንድ ጀግና ደርሶ እንደፈታት ነገራት። ከዚያ ወዲያ አዳዳ በመጣች ቁጥር ሕፃኗን አቅፋ ትውል ነበር እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ኢንተላ» ብቻ፣ ልጅት፣ ትላት ነበር።

በጋው አልፎ እህቴ መቀመጥ እንደቻለች ኩፍኝ ከተማው ገባ፤ እሷንም ያዛት። ሆስፒታል ደርሰው ሲመለሱ እናቴ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ «ያ የሚፈታት ሰውዬ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብላ አባቴን ጠየቀችው።

ዝናቡ ሲጀምር እህቴ ሞተች። እኔ አላለቀስኩም፤ ደንዝዤ በለቀስተኛው ጫማ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ሳይ ዋልኩ። መቃብሩ ላይ ሰባኪው ስሟን ሲጠይቅ አባቴ ቀና ብሎ ደመና የሸፈነውን ሰማይ አየ። አዳዳ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና፣ «አንድሮሜዳ ነው ስሟ። የንጉሥ ልጅ ናት» አለች።

አባቴ ማስተማሩን አልተወም፤ እነዚያ ከዋክብት ጋ ሲደርስ ግን ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ ወላጆች ከስልካቸው ፈልገው የወደዱትን ስም ለልጃቸው ያወጣሉ፤ ኩፍኝም በመርፌ ይመለሳል። እኔም አራስ ስጠይቅ እንደ ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ፤ ያኔ ያልወጣኝ እንባ ግን ዛሬም አልወጣም፣ የት እንደቀረም አላውቅም።