ሜዳው ላይ ያልተነገረው የአቶ እንድሪስ ቃል

የጫካ ጥበቃ ሠራተኛ የነበሩት አቶ እንድሪስ ከጥቂት ሳምንታት ሕመም በኋላ ባለፈው ጁምዓ እዚሁ መካነ ሰላም በቤታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። በማሻም በአቀስታም ያላችሁ ወዳጆቻቸው እስካሁን ሰምታችኋል ብዬ አምናለሁ። ልጃቸው ከድጃ ለሶደቃው ቀን የሚነበብ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ጠየቀችኝ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ዕድሜዎን ትምህርት ቤት ውስጥ በታይፕ ያሳለፉት እርስዎ ነዎት። ሌላ ማን ይጻፍልን?» አለችኝ።

«የማውቀውን እጽፋለሁ እንጂ የምትወጂውን አልጽፍም» አልኳት።

«ይሁን» አለች። እንግዲህ ቅር የሚለው ሰው ካለ እኔን ይቀየም፤ እርሷን አይደለም።

እኔ አቶ እንድሪስን አልወዳቸውም ነበር። ባለቤቴን ይመርን በምስክርነታቸው ያሳሰሩት እርሳቸው ናቸው። ቢሆንም መልካማቸውን አልደብቅም። በጥበቃ ሥራቸው ጉቦ አልበሉም። በበጋ የጫካው የአስታ ቁጥቋጦ በእሳት በተያያዘ ጊዜ ብርድ ልብሳቸውን ከምንጭ እየነከሩ እሳቱን ሲመቱ የዋሉ፣ ቅንድባቸው ተቃጥሎ የተመለሱ ሰው ናቸው። እንጨት ስትለቅም የያዟትን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሸክሟን ራሳቸው ተሸክመው ከጫካው ዳር ካደረሱላት በኋላ «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ፤ ለዛሬው ግን ልጆችሽ ይሙቁበት» ብለው ሸኝተዋታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ሴትዮዋ ናት።

ዘወትር የሚሏት አንዲት ቃል ነበረቻቸው። «ጫካ ምስክር የለውም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። የእኔን ቤት ያፈረሰችው ይህች ቃል ናት።

መንግሥት ተለውጦ ጠመንጃ በየቤቱ በነበረበት ጊዜ ነው። ይመር ከሳይንት ሲመለስ በጫካው ዳር ወንዝ ውስጥ የወደቀ ድኩላ አገኘ። አንገቱን በጥይት ተመትቷል፤ ገና ይተነፍሳል። ትንፋሹ ሳይወጣ ካልታረደ በክት ነው። ይመር ደግሞ ለእርድ የታመነ እጅ ነበረው። በአረፋም በሰርግም የሰፈራችን ሰው በሬውን የሚሰጠው ለእርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሚያጣጥር እንስሳ አይቶ ማለፍ አይችልም። ቢስሚላህ ብሎ አረደው። አቶ እንድሪስ ከዳገቱ በኩል ተኩስ ሰምተው ሲደርሱ ቢላዋውን በሣር ሲጠርግ አገኙት።

«ጠመንጃህን የት ጣልከው?»

«ጠመንጃ የለኝም። ወድቆ አግኝቼው ነው።»

«ድኩላ ከሰማይ ይወድቃል?» አሉት።

ፍርድ ቤት ቀርበው ቁርአን ይዘው ማሉ። «ተኩሱን ሰማሁ፤ ስደርስ ከእሱ በቀር ሰው አላየሁም» አሉ። እስከዚህ ድረስ አልዋሹም። ዳኛው «ሌላ ሰው ተኩሶት ሊሆን አይችልም ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን «አይችልም። አውሬው የወደቀበት ነው ገዳዩ ያለው» ብለው መለሱ። ይመርም በእርሱ በኩል ቁርአን ይዞ አልተኮስኩም ብሎ ነበር። የታመነው የእርሳቸው ቃል ነው።

መታሰሩን እችለው ነበር። የከበደኝ ከተፈታ በኋላ የመጣው ነው። በመጀመሪያው አረፋ ቢላዋውን ስሎ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቶቻችን በሬያቸውን እየነዱ በፊቱ አለፉ፤ ለሌላ አራጅ ነው የወሰዱት። «ቁርአን ይዞ የዋሸ ሰው ያረደው ያጠራጥራል» ተብሎ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ይመር ቢላዋውን ጠቅልሎ ወደ ጓዳ ገባ። እስኪሞት ድረስ ማንም አልጠራውም። በሬ ይነዱ ከነበሩት አንዳንዶቹ ዛሬ ይህን ታዳምጣላችሁ።

አቶ እንድሪስ ጡረታ ሲወጡ እኔ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። የመንገድ ዳሩን ክፍል ጀማል ለሚባል ሰው አከራይቼው ጌም ቤት ከፈተበት። አንድ ቀን አቶ እንድሪስ በመንገድ ሲያልፉ ከውስጥ የተኩስ ድምፅ ሰሙና ሊቆጡ ገቡ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ ወጣት አውሬ ሲያሳድድ አዩ። «ይሄ ደግሞ ፈቃድ አለው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ይሞክሩት ጋሼ!» ብለው ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተኛ ሆኑ።

ያላያችሁት እንድትረዱት ያህል፣ ጨዋታው የሽፍቶች ታሪክ ነው። ዋናው ሥራ በፈረስ ሄዶ ባቡርና ባንክ መዝረፍ ነው። አገሩ ግን ሰፊ ነው፤ ዘረፋውን የተወ ሰው በተራራውና በወንዙ እየዞረ ሲያድን መዋል ይችላል። አቶ እንድሪስ ሌላውን አይነኩም፤ ማደን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጓደኞችዎ እየጠበቁዎት ነው፤ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!»

«ይጠብቁ! እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?»

ከመተኮሳቸው በፊት ቢስሚላህ ይላሉ። ከተኮሱ በኋላ ትንፋሹ ሳይወጣ ሊያርዱ ፈረሱን ይጋልባሉ። ወጣቶቹም «በክት ሆነ ጋሼ፣ አልደረሱለትም!» እያሉ ያበሽቋቸዋል።

ይህን ሁሉ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። በደጄ ሲያልፉ አሰላሙ አለይኩም ይላሉ፤ መልሱን በሆዴ እመልሳለሁ እንጂ ድምፄን አላሰማቸውም። ባሌን ለአንድ ድኩላ ያሳሰሩ ሰው በእኔ ቤት ተቀምጠው በአደን ይደሰታሉ። ጀማልን እንዳያስገባቸው ብነግረው «እትዬ፣ ሽማግሌ እንዴት ላባርር? ማንንም አልነኩ» አለኝ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ራሴ ላስወጣቸው ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ የሚያየኝ አልነበረም። ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። አቶ እንድሪስ አንድ ባለቀንድ አውሬ አንገቱን መትተው ነበር። አውሬው አልወደቀም። ዳገቱን ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ከዓይን ተሰወረ። ደሙን ተከትለው ብዙ ጋለቡ። በመጨረሻ ሲያገኙት ወድቋል፤ አንድ ሰው ከፈረሱ ወርዶ አጠገቡ ቆሟል።

«ሌባ! የኔን ግዳይ!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ ጋሼ መንገደኛ ነው! ምንም አላደረገም!» አለ ጀማል።

«ምን ሊያደርግ ቆመ ታዲያ?» አሉና ተኮሱበት። ሰውየው ወደቀ።

ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «በሰው ግድያ ይፈለጋሉ ጋሼ! ጥበቃ መጣብዎት!» ይላሉ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀሩ። ዘወር ሲሉ እኔን በሩ ላይ አዩኝ። ላስወጣቸው የመጣሁበትን ቃል ረሳሁት። እርሳቸውም በአጠገቤ አልፈው ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ደጄ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነበር። ጫካው ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ያን ጊዜ ተኩሱ የተሰማበትን ዳገትና ይመር የተያዘበትን ወንዝ አይተው መመለሳቸው ነው።

«ዘሃራ» አሉኝ፣ «እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምደርሰው እንስሳው ከሞተ በኋላ ነበር። ተመትቶ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ዳገቱና ወንዙ ሩቅ ለሩቅ ናቸው፤ ተኳሹ ዳገቱ ላይ ቀርቶ ድኩላው ወንዙ ድረስ ሮጧል። ይመር እውነቱን ነው።»

ዓመታት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ደስ አላለኝም።

«ይመር በአንደበቱ ሲነግርዎት አላመኑም፤ ቴሌቪዥን ሲነግርዎት አመኑ?» አልኳቸው።

«እሱ ሲነግረኝ ሰሚ አልነበርኩም፤ ዳኛ ሆኜ ነበር። አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«የወነጀሉት በሰው ፊት ነው። በአረፋ፣ ሶላቱ ሲያበቃ፣ ሜዳው ላይ ተነስተው ይናገሩ። ያን ጊዜ አፉ እላለሁ።»

«እሺ» አሉ።

አረፋ ደረሰ። ከሶላት የሚመለሱትን ሰዎች ደጄ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደ ሁልጊዜው ዒድ ሙባረክ ብለውኝ አለፉ። ከዚያ የተለየ ነገር የነገረኝ የለም። አቶ እንድሪስ በሌላ መንገድ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ማታውን ከድጃን ልከው «ከልጆች ጨዋታ ተማርኩ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ልናገር?» ብለው አስነገሩኝ። እሳት ያልፈሩ ሰው ሳቅ ፈሩ። ይመር ግን የሰው ፊት ግርፋትን ከመጀመሪያው አረፋ እስከ መጨረሻው ችሎታል።

ሲታመሙ አስጠሩኝ። ሄድኩ፤ ሕመምተኛ መጠየቅ ግዴታ ነው። ድምፃቸው ደክሟል። «አፉ በይኝ» አሉ አሁንም። «ሜዳው ላይ» አልኳቸው። «መቆም አልችልም።» «ሲችሉ አልቆሙም» አልኩና የአልጋ ልብሳቸውን አስተካክዬላቸው ወጣሁ። ይህን ብዬ አልተጸጸትኩም።

ጀናዛቸው ሲወጣ፣ እንደ ደንቡ፣ በእርሳቸው ላይ ሐቅ ያለው እንዲናገር፣ ሌላውም አፉ እንዲላቸው ሕዝቡ ተጠየቀ። ወንዶቹ ከውጭ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» አሉ። እኛ ሴቶች ከውስጥ ሰማን፤ አጠገቤ ያሉትም በየአፋቸው አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ከድጃ አየችኝ። ይህን ጽሑፍ የጠየቀችኝ በታይፒስትነቴ ሳይሆን በዝምታዬ ይመስለኛል። አባቷ ያቃታቸውን እርሷ በሰው ፊት እንዲነበብ ፈቅዳለች። ለዚህ ድፍረቷ አከብራታለሁ።

አቶ እንድሪስ፣ እርስዎ ያልተናገሩትን ይኸው ዛሬ ተነገረልዎት። ይመር አልተኮሰም፤ በቁርአን አልዋሸም፤ እጁ ንጹሕ ነበር። የሰማው ሁሉ ይስማ። የጠበቁት ጫካ አሁንም አለ፤ ድኩላዎቹም አሉ፤ ይህ የሥራዎ ፍሬ ነውና አይካድም። እኔን የበደሉኝን አፉ ብያለሁ፤ ለከድጃ ስል ነው። የይመርን ግን ልሰጥዎት አልችልም፤ የእኔ አይደለም። ዛሬ አንድ አገር ናችሁ። ሄደው ራሱን ይጠይቁት። እርሱ እንደኔ ሰው አያስጠብቅም።