ዝናብ ያልነካው ሰባተኛው አልጋ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ዲላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ድርጅቱን ስንጀምር ግን ለራሴ ማልኩ፦ እዚህ ቤት ማንም ሰው በመጠየቁ አይሸማቀቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ያየሁት አንገሽግሾኝ ነበር። ተማሪው ያልገባውን ይዞ ዝም ይላል፣ መምህሩም በዝምታው ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር እንግዲህ፣ ምን ይደበቃል።

አምስት ነበርን፤ እኔና አራት ልጆች። ልጆች እላለሁ እንጂ ሁሉም የተመረቁ ናቸው። ከሚስማርና ቀለም መሸጫ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚተከል ትንሽ መሣሪያ ሠራን። አልጋ የምንለው እሸቱ ቡና ፀሐይ ላይ የሚሰጣበትን፣ በእንጨት ላይ የተወጠረ ረጅም የሽቦ መረብ ነው። መሣሪያው የቡናውን ሙቀትና እርጥበት እየለካ፣ በስልክ ኔትወርክ ዲላ ወዳለው ስክሪናችን ይልካል። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኢዲዶ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሰባት አልጋ ሰጥቶን እዚያ እንሞክር ነበር።

መጀመሪያ "እርስዎ" መባልን ከለከልኩ። "አንቺ በሉኝ" ብዬ አዘዝኩ፤ ትእዛዝ መሆኑ ራሱ ያስቅ ነበር። ኢዲዶ ተወልዳ ያደገችው ልጅማ አንቺ ለማለት ሁለት ወር ፈጀባት። ቀጥሎ የጥያቄ ካርቶን አመጣሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ያልገባውን አንድ ነገር ጽፎ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይጨምራል። ስም የለም። የእጅ ጽሑፋችንም እንዳይታወቅ በግራ እጅ ለመጻፍ ተስማማን። ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ አነባለሁ፣ ጥያቄው ልቡን የያዘው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይከታተለዋል።

በግራ እጅ የተጻፈ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሁሉም ሰው ፊደል ይንቀጠቀጣል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋቸው አንድ የታመመ ሽማግሌ የጻፋቸው ይመስላሉ። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ሳቅን። እየቆየ ግን ካርቶኑን በከፈትኩ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ስድስተኛ ሰው ያለ ይመስለኝ ጀመር።

ቢሆንም ነገሩ ሠራ። ኮቸሬ ያደገው ልጅ "መሣሪያዎቹ ማለዳ ማለዳ ለምን ይሞቃሉ?" የሚለውን ይዞ ኢዲዶ ድረስ ሄደ፤ ፈትቶ ሲያያቸው ጉንዳን ሰፍሮባቸዋል። ጮቤ ረገጥን። አንገታቸውን ደፍተው የመጡ ልጆች ምሳ ላይ እንኳ መከራከር ጀመሩ። እንደዚያ ሰሞን ኮርቼ አላውቅም።

ዝናቡ ያለ ጊዜው በመጣበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ እንዲህ የሚል ወረቀት አነበብኩ፦ "ሰባተኛው አልጋ ላይ ለምን አይዘንብም?"

ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ስድስቱ አልጋዎች ቀዝቅዘዋል፣ እርጥበታቸው ጨምሯል። መስኮታችንን ዝናቡ ይደበድበዋል፣ ኢዲዶም እየዘነበ እንደሆነ በስልክ ነግረውናል። ሰባተኛው አልጋ ብቻ ፀሐይ ላይ ነው። "ጌታ ሆይ!" አለች የኢዲዶዋ ልጅ ቀስ ብላ። ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሊደግፉን የሚችሉ እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የሰባተኛው አልጋ መሣሪያ ሞተ። ባዶ መስመር እንዳያዩ ብዬ የአንድ ፀሐያማ ሳምንት ቁጥር ገለበጥኩና እየደጋገመ እንዲያሳይ አደረግኩት። ሲሄዱ አነሣዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ያን ሰኞ ላነሣው እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል፣ ከተቀየረ ማን እንደነካው ይታወቃል። ጠይቁ፣ አትፍሩ ስል የከረምኩት ሴትዮ! "የኔትወርክ ችግር ይሆናል፣ እኔ አየዋለሁ" ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ ያው ጥያቄ መጣ። ከዚያ በኋላ ባለውም ሰኞ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢዲዶ ያለው ጣቢያ የሚሠራው የእኛን ስክሪን በስልክ እያየ ነበር። ሰባተኛውን አልጋ የምታገላብጠው ሴት ቡናውን በላስቲክ ልትሸፍን ስትል የጣቢያው ተቆጣጣሪ ከቢሮው ሆኖ ስልኩን እያየ "ፀሐይ ላይ ነው ይላል፣ ለምን ታፍኚዋለሽ?" ይላታል። ቡናው ሻገተ። ማሽኑ ደረቅ ነው ያለው ቡና እሷ እጅ ሲገባ ይሻግታል ተባለ። እጇ ላይ አንድ ነገር አለ አሉ። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ምሳ አብረዋት መብላት ተዉ፣ ወደ አልጋዋም መቅረብ ፈሩ። ተቆጣጣሪው በመጪው ረቡዕ ሊያሰናብታት ወስኗል። ይህን የነገረችን የኢዲዶዋ ልጅ ነች፤ ስትናገር እኔን አላየችኝም።

አርብ ዕለት ከእሷ ጋር ሄድኩ፤ እስከ ይርጋጨፌ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሞተር። እኩለ ቀን ነው፤ ግን ጉሙ ወርዶ ከሦስተኛው አልጋ ወዲያ ምንም አይታይም። የሚዘንበው ዝናብ ድምፅ የለውም። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ እያልን በዳሰሳ ሄድን። ሰባተኛው ጋ ሴትየዋ ብቻዋን ቆማለች። ሻሿ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። መዳፏን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትኩር ብላ ታየዋለች። ስታየን በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገረች። ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

"ምን አለች?"

"እኔ የቆምኩበት ቦታ እናንተ ስክሪን ላይ ፀሐይ ነው አሉኝ፤ እኔ ላይ ግን ይዘንባል። ሳላውቀው ሞቼ ይሆን ወይ ነው የምትለው።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "አይዞሽ እህቴ፣ እናጣራለን" የሚል ነበር። እናጣራለን! አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስ ልጅቷ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየች "ደከመዎት?" አለችኝ። እርስዎ ካለችኝ ወራት አልፈው ነበር።

ሰኞ ካርቶኑን ከፈትኩ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። አራት ወረቀት አለ። አራቱም ላይ በዚያው በሚንቀጠቀጥ ፊደል አንድ ዓይነት አዲስ ጥያቄ ተጽፏል፦ "ዝናቡን ማን አቆመው?" አንዱን አንብቤ ሌላውን ስከፍት፣ ደግሞ ሌላውን ስከፍት ድምፄ እየሟሸሸ መጣ። ቀና ስል አራቱም ያዩኛል። ፊታቸው ላይ ንዴት የለም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። በቁጣ ቢያዩኝ እኔም በቁጣ እመልስ ነበር። ልክ እንዳስተማርኳቸው ጠይቀው መልስ ይጠብቃሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ እንግዶቹም፣ ስለ ቁጥሩም፣ ስለ ፍርሃቴም ነገርኳቸው።

"አንድ ሳምንት እየደጋገመ እንደሆነ ከሁለተኛው ሰኞ ጀምሮ ደርሰንበታል" አለ የኮቸሬው ልጅ። "እርስዎ ራስዎ እስኪነግሩን ነው የጠበቅነው።"

"ታዲያ ለምን በግልጽ አትጠይቁኝም?" ብዬ ጮህኩ። ይኸው አመሌ!

"ጠየቅን እኮ" አለች የኢዲዶዋ ልጅ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "እኛም ጨዋ እንሁን ስንል ሴትየዋን ጎዳናት" አለች።

ያንኑ ቀን አምስታችንም ኢዲዶ ሄድን። ተቆጣጣሪውና ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት ቆሜ ተናገርኩ፤ ልጅቷ ቃል በቃል ተረጎመች። "ተሳስቻለሁ" ብዬ ልጀምር ስል አየችኝ፤ አርሜ "ዋሽቻለሁ" አልኩ። ተቆጣጣሪው አንገቱን ደፋ፤ ሴትየዋ ከሥራዋ እንደማትነሣ በሁሉም ፊት ተናገረ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እሷ ቀረቡ፣ አንዷ ትከሻዋን አቀፈቻት። እኔ ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በሰደበችኝ ኖሮ!

አልሰደበችኝም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ሌሎቹ ሴቶች ላስቲካቸውን ሊያለብሱ ወደየአልጋቸው ሮጡ። እሷ አልሮጠችም። ውሃው በፊቷ ላይ እየወረደ ወደ እኔ ቀረብ አለችና፣ በማይቀናት አማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "እየዘነበ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን እስክትሰማ ድረስ አልጋዋን ላስቲክ አላለበሰችም።