ሁለቱን ሐኪሞች ያላገናኙት ደላላ

ከዳቦ ቤቱ ስወጣ ነው ያገኘኋቸው። ግድግዳ ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት እየለጠፉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤት ፍለጋ እግሬ እስኪቀጥን ዞሬያለሁ። ሙጫው ሳይደርቅ ተግባባንና ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ሄዱ። ሰፈሩ «አስማሚው» ይላቸዋል። ሥራቸው ድለላ ነው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ መስኮቱን ደገፍ ብለው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ቦርሳውን ልያዝልዎት?»

«ቦርሳው ውስጥ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። ያስቆመችኝ ልቤ ናት» አሉ እየሳቁ። «አትደንግጪ የኔ ልጅ፣ ቤት ሳላከራይ ሞቼ አላውቅም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። ጨዋታ የሚወድና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው አንድ ደረጃ ላይ ከተቀመጡ፣ ቤቱ የትም አይሄድም።

ከጥቂት ወራት በፊት የልባቸው የደም ሥር ጠብቦ ነበር። የልብ ሐኪሟ ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብታ ከፈተችላቸው፤ ደም ማቅጠኛ ክኒን ሰጥታም ያለ እሷ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ አስጠነቀቀቻቸው። ከዚያ ወዲያ ተደላድለው ሳይቀመጡ ሽንት አስቸገራቸውና ሌላ ሆስፒታል ሄዱ። ምርመራው የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

«ቀዶ ሐኪሙ ‹ገና ትንሽ ነው፣ አልተሠራጨም፤ ከፈለጉ አውጥተነው እንገላገላለን› አለኝ። ‹ሌላ በሽታ አለብዎት?› ሲለኝ ‹ግፊት ቢጤ› አልኩት።»

«ልብዎንስ?»

«እሱን ዋጥኩት። አየሽ፣ አርባ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ዘዴ ነው። የሻጭን ጓዳ ለገዢ አትነግሪም፤ የገዢንም ለሻጭ። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተገናኙ ደላላ ምን ይሠራል? የልብ ሐኪሟንም ‹ለሽንት ትንሽ ነገር ሊሠሩልኝ ነው› ብዬ አለፍኳት። ቀዶ ሐኪሙ የልቤን ጉድ ቢሰማ አልነካህም ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ካንሰር እኮ ስሙ ራሱ ያስሮጣል። ቶሎ ወጥቶልኝ መተኛት ነበር የፈለግኩት።»

«ታዲያ ማን ነገረው?»

«ባለቤቴ። ቀን ሊቆረጥልኝ ስሄድ ካልመጣሁ ብላ ተከተለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ሂሳብ ስታስተምር የኖረች ናት፤ ኩረጃ ከሩቅ ይሸታታል። ሐኪሙ ‹የሚወስዱት መድኃኒት?› ሲለኝ እኔ ጉሮሮዬን ስጠራርግ፣ እሷ የክኒኖቼን ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ አነበበና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ‹አባት፣ ይኼን ሳላውቅ ቀድጄዎት ቢሆንስ?› አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

ሐኪሙ እዚያው የልብ ሐኪሟ ጋ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«እንደሚሸጥ ቤት አገላበጡኝ። ‹ቱቦው አዲስ ነው፤ ክኒኑ አሁን ከተቋረጠ ሊደፈን ይችላል› ትላለች እሷ። ‹ሳይቋረጥ ከቀደድኩ ደግሞ ደሙ ያስቸግረኛል› ይላል እሱ። ‹የጨረር ሕክምናስ?› ይላታል። ‹ጨረሩ ይቻላል፤ ሆርሞን የሚቀንሰው መርፌ ከተጨመረበት ግን ለልባቸው እሰጋለሁ።› ሁለት ሰው ያለ እኔ ሲስማማ አይቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።»

ቀዶ ጥገናው ለጊዜው ይቅር ብለው ተስማሙ። የቀረውን ምርጫ ለእሳቸው ተዉላቸው፤ ወይ ጨረሩን አሁኑኑ መጀመር፣ ወይ ካንሰሩ ትንሽና አዝጋሚ ስለሆነ በየጥቂት ወሩ ደም እየተመረመሩ መጠበቅ፣ ከተንቀሳቀሰ ያኔ መታከም። አስማሚው መጠበቁን መረጡ።

ይኼኔ ስልካቸው ጠራ። ጆሯቸው ስለሚከብድ የወዲያኛው ድምፅ ለእኔም ይሰማል።

«የት ነህ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ደረጃ ላይ፤ ቤት ላሳይ።»

«ስንተኛው ፎቅ?»

«ሁለተኛው። ተቀምጫለሁ።»

«ጎሽ። የሐሙሱን የደም ውጤት አብረን ነው የምንቀበለው። ብቻህን ሄደህ አሳምረህ እንዳትነግረኝ።»

«እሺ የኔ እመቤት።»

«እኔስ ካንሰር ይዞ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ እያንኮራፋሽ ሠላሳ ዓመት ወስዶኝ የለ እንዴ?»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

«ጨረሩን ጀምር ነው የምትለው፤ መጠበቁ አልተዋጠላትም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ። ሐሙስ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ግን ቀድሞ ብቻዬን ነበር የምፈራው። አሁን እሷ አለች፣ ሁለቱ ሐኪሞች አሉ፤ ለአራት ስንፈራው ቀለል አለኝ።»

ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀስ እያልን ወጣን። ቤቱ ብርሃን የሞላበት ነው፤ ከመኝታ ቤቱ መስኮት የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ይታያል። ወደድኩት፤ እወስደዋለሁ አልኳቸው። ታች በሩ ላይ ስንሰነባበት ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋቸውና የሐሙሱ ውጤት መልካም ከሆነ እንዲያበስሩኝ ለመንኳቸው።

«እደውላለሁ። ቢከፋም እኔው ነኝ የምነግርሽ» አሉኝ። ጥቂት እርምጃ ሄዱና ቆም አሉ፤ ራሳቸውን እያከኩ ተመለሱ።

«እንግዲህ አንዴ መናገር ጀምሬያለሁ፤ የኩሽናው ጣሪያ ያፈሳል የኔ ልጅ። አዲስ ቀለም የተቀባው ለዚያ ነው። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት አከራይዋን ራስሽ አግኝተሽ ጠይቂያት፤ ነይ፣ ስልኳን ልስጥሽ።»