የመዝገብ ቤቱ አይጥ

መሥሪያ ቤታችን አይጥ እንዳለበት በቃለ ጉባኤ የጸደቀው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አይጥ ያየ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም የለም። ይህ ግን ማንንም አላሳሰበም፤ እኛ ዘንድ የአንድን ነገር መኖር የሚወስነው ዓይን ሳይሆን ፊርማ ነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

የምንሠራው በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ደንበኞች ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ያቀረቡት አቤቱታ የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት አለ። ቧንቧዬ ፈሰሰ፣ ቧንቧዬ ደረቀ፣ ቆጣሪዬ ለብቻው ይሽከረከራል ያለ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት እዚያ ይተኛል። መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከዓለም የሚታየን የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና እትዬ ኮምፒውተር። ስሟ ሌላ ነው። ነገር ግን እውነተኛው ኮምፒውተር ከተበላሸ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እሷ ደግሞ የየትኛውንም ፋይል ቦታ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። ስለዚህ ማዕረጉ ወደ እሷ ዞረ፤ ደመወዙ ግን አልዞረም።

እትዬ ወረቀት ትበላ ነበር።

ለጨዋታ ማድመቂያ ያልኩት አይደለም። ወረቀት፣ በጥርሷ፣ አኝካ ትውጥ ነበር። ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ አይደለም። አዲስ ወረቀት አትነካም፤ «ጣዕም የለውም» ትላለች። ሃያ ዓመት የተኛ፣ ቢጫ የሆነ፣ እርጥበት እርጥበት የሚሸት መሆን አለበት። ከፋይሉም የታችኛውን ጥግ ብቻ ነው የምትወስደው። ፊደል ያለበትን፣ ፊርማ ያረፈበትን፣ ማኅተም የተመታበትን ቀምሳ አታውቅም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የመንግሥትን ሰነድ እንዲህ ተጠንቅቆ የያዘ ሌላ ሠራተኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ሁለት ክንድ ርቄ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ምንም አላየሁም። ፊቷ የፋይሎቹን ቀለም ሲይዝ «ፀሐይ አጥታ ነው» አልኩ። ደረጃው አሥራ ሁለት እርከን ነው፤ ስድስተኛው ላይ ቁጭ ብላ ልቧን ይዛ ስታርፍ «ወፍራ ነው» አልኩ፤ ከስታ ሳለ። ኃላፊያችን «ስንፍና ነው» አሉ። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፉ መሀል ነቅቶ «እርጅና ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። አርባ አራት ዓመቷ ነበር።

ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ደመወዝ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ሦስቱም ቁመት በመጨመር ላይ ያሉ። ሥጋ በተሠራ ቀን እሷ የምትበላው የተረፈውን ነው፤ አራት ወንዶች ካሉበት ቤት የሚተርፈው ደግሞ ድስቱ ነው። የወር አበባዋም በወር አንዴ ጎብኝቶ መሄዱን ትቶ የወሩን እኩሌታ እሷ ዘንድ መክረም ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለእናቷ ብትነግራቸው «የሴት ወግ ነው፤ ቻይው» አሏት። ቻለችው። እትዬ በቻለችው ነገር ሁሉ ላይ አንድ ጨመረች።

ታዲያ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ኢንስፔክተር መጣ። ፋይል ሲያገላብጥ ጥግ የሌለው አገኘ። ሁለተኛ አገኘ። አርባኛው ላይ መቁጠሩን ትቶ ወደ ኃላፊያችን ወጣ። ኃላፊያችን ሰው የሚጮህባቸው ቀን ኮሚቴ ያቋቁማሉ። የአይጥ ኮሚቴ ተባለ፤ ሰብሳቢ እሳቸው፣ አባል ካሸሯ፣ «የጉዳዩ ባለቤት» እትዬ፣ ጸሐፊ እኔ። የመንግሥት ሰነድ ማጥፋት ከሥራ እንደሚያስባርርና እንደሚያስከስስ መመሪያውን ያነበቡልን ያን ዕለት ነው። እትዬ አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኔ «ለአይጡ ነው የሚያነቡለት?» ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ቀጥሎ ተባይ አጥፊው ባለሙያ ተጠራ። ቦርሳውን አስቀምጦ አንዱን ፋይል ወደ መብራቱ አነሳና የተቦጨቀውን ጥግ አገላብጦ አየ።

«ይሄ የዋዛ አይጥ አይደለም» አለ። «ጥርሱ ጤነኛ ነው። ዕድሜውም ገፋ ያለ ይመስለኛል።»

እትዬ አፏን በመሐረቧ ሸፈነች።

«ኩሱ የታለ ታዲያ?» አሉ ኃላፊው።

«እሱ ነው የገረመኝ። ንጹሕ አይጥ ነው።»

«ማኅተምም አይነካም» አልኩ እኔ፣ ማን ጠየቀሽ ሳይሉኝ።

«በሉ እንግዲህ፣ አስተውሎ ነው የሚበላው» አለ ባለሙያው፤ ለሙያ ባልደረባው በሚሰጥ አክብሮት።

እኔም «አይጡ ንጹሕ፣ ጤነኛና አስተዋይ መሆኑ ተረጋግጧል» ብዬ መዘገብኩ። ከሠራተኛው መካከል እንዲህ ያለ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ያገኘ አንድም ሰው የለም።

አርብ ከሰዓት በኋላ የድሮዎቹ መደርደሪያዎች ላይ ነጭ የዱቄት መርዝ ተነሰነሰ። እጅ ከነካው በሳሙና መታጠብ፣ አፍ ከነካው ደግሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው ተባልን። ጓንትም ተሰጠን፤ ለእኔ ሁለት፣ ለእሷ ሁለት፣ አራቱም የቀኝ እጅ። 

እትዬ ለመተው አልሞከረችም እንዳትሉ። ማስቲካ ያዘች። ቅርንፉድ አኘከች። ከቤት አሮጌ ጋዜጣ አምጥታ ቀመሰችና «ቀለም ቀለም ይላል» ብላ ጣለችው። ቅዳሜና እሑድን በረዶ ስትቆረጥም ዋለች፤ ልጆቿ በድምፁ ተሳሳቁባት። ሰው ውሃ ሲጠማው ሌላ ነገር ማሰብ እንደማይችል እሷም ከዚያ ወረቀት ሌላ ማሰብ አልቻለችም። ሆድ ይፍጀው አለች። ለማን ትናገረው? ለኮሚቴው?

ረቡዕ ዕለት ፋይል ፈልጌ ወደ ሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ ዞርኩ። እትዬ ቆማለች። አንድ ፋይል በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ መሐረቧን ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ የወረቀቱን ጥግ እየጠረገች ነው። ቀስ አድርጋ፣ ሰው ለልጁ ፍሬ እንደሚጠርግ። ከዚያ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«እትዬ! መርዝ አለው እኮ!»

እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ሸሽጋ ማስተባበል ትችል ነበር፤ አልሸሸገችም። በሚለምን ዓይን አየችኝና «ጠርጌዋለሁ» አለችኝ።

ተናደድኩ። ፋይሉን ነጠቅኳት፤ እጇን እየጎተትኩ ወስጄ እስከ ክርኗ በሳሙና አጠብኳት፤ አፏን አስከፍቼ አየሁ፤ እንደ ሕፃን አስተፋኋት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አብጃለሁ መሰለኝ» አለች። «ሦስት ዓመቴ ነው። ለሰው እንዳትናገሪብኝ። ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?»

«መጀመሪያ አንቺ የምትበዪውን እናስተካክል» አልኳት። ያን ጊዜ እንኳ ምላሴ አላረፈም።

ለኃላፊው ስልክ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሰው ታመመ ብል ማስረጃ አምጪ እንደሚሉኝ ስለማውቅ «የአይጡ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ወዲያው ፈቀዱ፤ መኪና ካስፈለገ ንገሪኝም አሉ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ሐኪም ገና ልጅ እግር ናት። ስለ መርዙ መጀመሪያ ጠየቀች፤ አፏ አለመግባቱን ካረጋገጠች በኋላ የእትዬን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ስባ አየች። ጥፍሮቿን አየች፤ መሀላቸው እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ብሏል። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ እነዚያን ጥፍሮች አይቻቸው አላውቅም። 

«በረዶ፣ አፈር፣ ጥሬ ሩዝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያምርሻል?» አለች ሐኪሟ፤ ራስ ምታት አለሽ ወይ እንደሚባለው አድርጋ።

እትዬ ወደ በሩ አየች። «ወረቀት» አለች በሹክሹክታ።

«አዲስ ወይስ አሮጌ?» ሐኪሟ ከምትጽፍበት ቀና እንኳ አላለችም።

እትዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ጥያቄ ይጠይቀኛል ብላ አስባ አታውቅም፤ ያውም ሳይስቅ።

የደም ምርመራው ሲመጣ፣ ሊኖራት ከሚገባው ደም ግማሽ ያህሉ ነው ያላት። በሰውነቷ ውስጥ ደም የሚሠራበት አይረን የሚባለው ነገር አልቋል። ሐኪሟ እንዳስረዳችን አይረን ሲያንስ አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ምግብ ያልሆነ ነገር ያምረዋል። ሁሉንም ሰው አይደለም፤ በረዶ የቆረጠመ ሁሉ ደም አንሶታል ማለትም አይደለም። ማረጋገጫው የደም ምርመራ ነው። ከዚያ ደግሞ ደሙ የት እንደሚሄድ መፈለግ አለበት። ተፈለገ፤ ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ክፉ አይደለም፣ ግን የሚያደማት እሱ ነው ተባለ። እንክብል ተሰጣት፣ ወደ ሆስፒታልም ተጻፈላት። «የሴት ወግ» የተባለው ነገር ስምም መድኃኒትም ነበረው ለካ።

ባሏ ሲነገረው ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። «ደሟ አለቀ? እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ?» አለ። በበነጋታው ሥጋ ተገዝቶ ለእናትየው ቀድሞ ወጣላት። ሦስቱ ልጆች ሳህኗን እያዩ ምራቃቸውን ሲውጡ በጎናቸው ተቀምጬ ነበር፤ እንዲያ ያለ ጀግንነት አይቼ አላውቅም።

አምሮቱ ወዲያው አልጠፋም፤ ግን በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። በወር ከምናምን ቀኑ ኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባውን በኃላፊው ቢሮ አደረገ። አዲስ የተቦጨቀ ፋይል አልተገኘም። ኃላፊው «አይጡ ተደምስሷል» ብለው አጨበጨቡ፤ አብረን አጨበጨብን። ከሟችዋ ጋር።

«ሁለተኛ አጀንዳ፣ ተጠያቂነት» አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እንደያዘች ተጠርታ ገባች። ፍርፋሪ በመተው አይጥ እንዲራባ አድርጋለች ተባለ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርፍዳ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። መዝገብ ቤቱ ሁልጊዜ ስለሚቆለፍ ሴትዮዋ ረግጣው እንኳ አታውቅም፤ የምናጸዳው እኛው ነን። ይህን እያወቅሁ «ቀጥዪ፣ ጻፊ» ሲሉኝ ብዕሬን አነሳሁ። ከማፍርባቸው ነገሮች ሁሉ ይሄ ይበልጣል፤ ልጽፍ ነበር።

እትዬ ተነሳች። «አይጡ እኔ ነኝ» አለች።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እንባቸውን እየጠረጉ «ኮምፒውተራችን ደግሞ ቀልድ ጀመረች!» አሉ። 

እትዬ አልሳቀችም። «ደም አንሶኝ ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄጄ እየታከምኩ ነው» አለች። ኢንስፔክተሩ ለማስረጃ ነጥሎ ጠረጴዛው ላይ የተወውን፣ መርዝ ያልነካውን ፋይል ሳበች። አንዱ ጥጉ ተቦጭቋል። ሌላውን ጥግ ወደ አፏ አስገብታ ነክሳ ቆረጠችውና ሁለቱን ጥጎች ጎን ለጎን አድርጋ ፊታቸው አስቀመጠችላቸው። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ሁለቴ አኘከችና ፊቷ ተኮማተረ፤ መሐረቧ ላይ ተፋችው።

«ውይ! ወረቀት ወረቀት ይላል እኮ!» አለችና ብቻዋን ሳቀች። ሳቋ እየበዛ ሄደ። እኔ አለቀስኩ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ጥጎች ለረጅም ጊዜ አስተያዩ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ጥርሱ ጤነኛ።

«ይሄ ቃለ ጉባኤ ውስጥ መግባት አይችልም» አሉ በመጨረሻ። «ለበላይ አካል አይጥ ብለን ጽፈናል። አሁን ሰው ነው ብንል ምን ይሉናል? አይጥ ነበር፤ ሞቷል፤ አበቃ። የጽዳቷም ነገር ይቅር።» የጽዳት ሠራተኛዋ የሆነው ሳይገባት እጅ ነስታ ወጣች። እትዬ ሥራዋን ያተረፈላት ምሕረት እንዳይመስላችሁ፤ ሪፖርቱ ቀድሞ በመላኩ ነው።

ወደ ምድር ቤት ስንወርድ እትዬ ስድስተኛው እርከን ላይ ሳትቆም አለፈች። ከኋላችን የጫማ ድምፅ ሰማንና ዞር አልን። ካሸሯ ናት። በስብሰባው ሁሉም ሲስቅ እሷ አለመሳቋን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። እጆቿን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወለል ወለሉን ታያለች።

«እትዬ» አለች፣ «ያ የሄድሽበት ጤና ጣቢያ... ቅዳሜ ይሠራል?»

ምን እንደሚያምራት ልጠይቃት አፌን ስከፍት እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ይሠራል» አለቻት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩ ላይ ጠብቂኝ፤ አብረን እንገባለን።»