ግድግዳው ማዶ የጮኹት ስልኮች

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ነው። ዛሬም ክረምት ሲሆን፣ ደጋው በኩል ጥቁር ደመና ካየሁ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ እሱ ምን ያውቃል!

ያኔ ወልድያ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ሰይድ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። አገሩ ቆላ ነው። ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ከደረቁ ወንዝ ላይ ጠልፎ ወደ ማሳው ይለቀዋል፤ ማሽላው የሚበቅለው በዚያ ውሃ ነው። ታዲያ ጎርፉ ሲመጣ ቆላው ላይ ጠብታ ዝናብ ላይኖር ይችላል። ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው ወንዝ ውስጥ ቦይ እየቆፈረ፣ ድንገት ይደርስበታል። የሰይድ ሐሳብ ቀላል ነበር። ደጋ ላይ ያለ ሰው ጎርፉን ሲያይ ይደውላል፤ የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ለተመዘገቡት ገበሬዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ መልእክት ይልካል።

ሙሉ ጊዜ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ስላልነበራቸው "ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነይልን" አሉኝ። የቴክኒክ ኃላፊ የሚል ማዕረግም ሰጡኝ። ኃላፊ ሲባል ደግሞ! የምመራው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደምና ሦስት ጎረምሶች ነበር። እንዲያም ሆኖ ኮርቼበታለሁ። ምን ይገዛ፣ ምን ይሠራ፣ ምን ይቅር የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ፤ ልጆቹም ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላሉ።

የዚያን ቀን ገበያ ነበር። ሁለቱ ልጆች ለጉዳይ ቆቦ ሄደው እኔና ሰይድ ብቻችንን ነበርን። ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ። ጎርፍ ሳይመጣ ቦያችንን እናስተካክል ብሎ ገበሬው ሁሉ ከገበያ ቶሎ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። የሰይድ አባት ጋሽ መሐመድም አካፋቸውን ተሸክመው በበራችን ሲያልፉ "ዛሬ ማሽላዬ ይጠጣል፣ ኢንሻአላህ!" ብለውን ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የደጋው ሰው ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል። "ወረደ! ከባድ ነው! ድንጋይ እየነቀለ ነው!"

ሰይድ አየኝ። እኔ መላኪያውን ተጫንኩት። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስንልክ የመጀመሪያችን ነበር። ስክሪኑ ላይ በየስሙ ትይዩ "ደረሰ"፣ "ደረሰ" እያለ ሲሞላ ሰይድ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ዘለለ። እኔም እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

ይሄኔ ነው ከግድግዳው ማዶ የስልክ ጩኸት የሰማነው። ቲት፣ ቲት፣ ቲት። አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይቀጥላል፤ ቅርጫት ውስጥ እንዳሉ ጫጩቶች።

ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ። ገጠሩ መብራት ስለሌለው፣ ገበሬው በገበያ ቀን ስልኩን ጠዋት ለእሳቸው ይሰጥና ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይወስዳል። ይህን እኛም በደንብ እናውቃለን። ሰይድ ራሱ የአባቱን ስልክ ስንት ጊዜ አድርሶላቸዋል! ግን ያንን ከእኛ ሥራ ጋር አገናኝቶ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ሮጠን ገባን። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ስልኮች፣ በጀርባቸው ስም የተጻፈበት ፕላስተር እንደተለጠፈባቸው፣ ያበራሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። እትዬ ለተብርሃን ጆሯቸውን ይዘው ቆመዋል። "ዋይ አነ! ምን አድርጋችኋቸው ነው? አበዱ እኮ!" አሉን።

ሰይድ የአባቱን ስልክ ፈልጎ አነሣ። "ቲቸር፣ አባቴ ጋ አይደለም" አለኝ። ስልኩን እያሳየኝ ደገመው፤ "አባቴ ጋ አይደለም።"

ወንዙ በእግር ሩቅ ነው። ባጃጆቹ ሁሉ ገበያተኛ ጭነው ሄደዋል። ወንዝ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማታ እንወስደዋለን ብለው የተዉት ስልክ እኛው ፊት ነው፤ ለማን ይደወላል? ሰይድ የአባቱን ስልክ እንደያዘ መሮጥ ጀመረ። እኔ አስፋልቱ ላይ ወጥቼ እንደ እብድ እጄን አወናጭፋለሁ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ሹፌሩ በረንዳው ላይ እየበላ ነበር፤ አላውቀውም፣ አያውቀኝም።

"ወንድሜ፣ በእናትህ! ወንዝ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ጎርፍ እየመጣባቸው ነው!"

ማነሽ፣ ከየት ነሽ አላለኝም። የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ ጥሎ ተነሣ።

ሰይድን መንገድ ላይ ደርሰንበት ጫንነው። መኪናው በጋሪው መንገድ እየዘለለ፣ ቲማቲሙ ከኋላ እየፈሰሰ፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ተጭኖ አለቅም አለ። ከሩቅ ወንዙ ውስጥ ሰዎች ታዩን። ቀና አሉ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሰርግ መስሏቸው አካፋቸውን ወደ ላይ እያነሡ ጨፈሩልን! እኔ እየጮኽኩ፣ እነሱ ይጨፍራሉ።

ሰይድ መኪናው ሳይቆም ዘለለ። ሸሚዙን አውልቆ እያውለበለበ "ውሃ! ውሃ! ውጡ!" እያለ ወረደባቸው። ያኔ ገባቸው። በእኛ በኩል ያሉት ወደ እኛ፣ በማዶ ያሉት ወደ ማዶ ሮጡ። ጋሽ መሐመድ መሀል ላይ ነበሩ። ወደ ማዶ ሲሮጡ አየኋቸው። ከዚያ ቆም ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ለምን እንደዞሩ አልገባኝም። ወዲያው ውሃው ደረሰ። ግንዱን፣ ድንጋዩን፣ ሁሉንም ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው።

ማዶው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ስለሆነ ማን እንደወጣ አይታይም። ሰይድ "አባ! አባ!" እያለ ቢጮኽ የውሃው ድምፅ ዋጠው። ግራ ሲገባው የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ለአባቱ ደወለ። ስልኩ በሌላኛው እጁ ላይ ጮኸ። ዘጋውና እንደገና ደወለ። አሁንም እዚያው እጁ ላይ ጮኸ።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ሰው ሲሞት የሚባለውን "ኢንና ሊላሂ..." ማለት ሲጀምሩ ሰይድ አፋቸውን በእጁ ያዘ። "አይበሉ! ገና ነው፣ አይበሉ!" አላቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። እጁን ይዘው አብረውት ተቀመጡ።

ሹፌሩ ሊመሽ ሲል ተሰናብቶን ሄደ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። እዚያው ወንዝ ዳር ያሳለፍነውን ሌሊት አላወራውም፤ እንዲህ ያለውን ያየ ያውቀዋል።

ጠዋት ውሃው ጎደለ። ከማዶ ቁጥቋጦ ሰዎች ወጥተው እርስ በርስ እየተያያዙ መሻገር ጀመሩ። ሰይድ እያንዳንዱን ፊት ያያል። ከሁሉም መጨረሻ ጋሽ መሐመድ መጡ፣ አካፋቸውን እየተመረኮዙ። ለካ የዞሩት ለአካፋው ኖሯል! ጎርፍ እየመጣ፣ ለአካፋ! ልሳማቸው ወይስ ልምታቸው ግራ ገባኝ።

ሰይድ የያዘውን ስልክ ዘረጋላቸው። ጋሽ መሐመድ ዓይናቸው ደካማ ነው። "መልእክት አለው? እስቲ አንብብልኝ" አሉት።

ሰይድ አነበበላቸው፤ "ጎርፍ መጥቷል። ከወንዙ ቶሎ ውጡ።"

ጋሽ መሐመድ "ወጥተናል በልልኝ" አሉ።

ሥራውን አልዘጋነውም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ተማክረው፣ ክረምት ክረምት ስልክ ይዞ ወንዝ ዳር የሚቀመጥ ሰው በተራ መደቡ፤ እኛም መጀመሪያ የምንደውለው ለእሱ ሆነ።

ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ የጋሽ መሐመድ መልስ ላይ ስደርስ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጠዋት መጨረሻ ላይ የተሻገረው ሌላ ሰው ሆኖ ጋሽ መሐመድ ባይመጡ ኖሮ፣ የሰይድን ፊት ዳግመኛ ቀና ብዬ የማይ አይመስለኝም።