የተራቡት አይጦች ሞግዚት

ወይዘሮ ኤውፍሮሲና በፑዌብላ ከተማ ምርምር ቤት የአይጥ ሳጥን ማጽዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዶክተር ሌአንድሮ የእናት አይጦችን ምግብ ቀንሶ፣ ረሃብ የልጆቻቸውን አእምሮ ምን እንደሚያደርገው ያጠና ነበር።

አንድ ጠዋት እየጮኸ መጣ።

“እትዬ! የተራቡት እናቶች ልጆች ከመፈተኛው ጠመዝማዛ መንገድ እየሮጡ ወጡ! ግድግዳ የሚገጩት የሁለተኛው ሳጥን ብቻ ናቸው!”

ኤውፍሮሲና መጥረጊያዋን ጭብጥ አደረገች። ከሥራ መባረሯ ነው።

“አይቆጡኝ ዶክተርዬ። እርጉዝ እየተራበች እንዴት አያለሁ? ቂጣዬን በቦሎቄ እያደረግሁ አበላቸው ነበር።”

“የሁለተኛዋስ?”

“እሷ ያረገዘችውም የወለደችውም እኔ ለበዓል አገሬ ሄጄ ነው። ስመለስ ልጆቿን እጥፍ አበላኋቸው። ወፈሩ እንጂ መንገድ አላወቁም።”

ዶክተሩ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

“ጥናቴን ገደሉት፣ የተሻለ ወለዱልኝ! ዘግይቶ የመጣ ምግብ ሆድ እንጂ አእምሮ አይሞላም ማለት እኮ ነው! እንደገና እንሞክረዋለን።”

“እና አልባረርም?”

“ማን ደፍሮ! ግን ከነገ ጀምሮ ቀኑን እየጻፉ ያብሉ።”

ከነመጥረጊያዋ አቅፎ አሽከረከራት።

“ኧረ ልቀቁኝ!” አለች እየሳቀች። “የነዚያ የሁለተኛው ሳጥን ሞኞቼ ቁርስ ደርሷል!”